ሠላሳ አራት ዓመት የታጠበ ቱታ

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደዱት እቴቴ ተናኜ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ከቁርጥማት፣ ደጅዎ ከክፉ ወሬ ርቆ ያግኝዎት። እኔ ያሳደጉኝ ልጅዎ እዝራ፣ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። ጋሼ ገብረአምላክንም ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ።

ባለፈው በስልክ የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ የዘጋሁት ተቆጥቼ አይደለም። ጋሼ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ሲያናግሩኝ ቦሌ ሚካኤል በሙሉ የሚሰማኝ ይመስለኛል። «ሚስት አላገኘህም ወይ?» ሲሉኝ ከጀርባ «ኧረ ተዉት፣ አታስጨንቁት» ያለችው ግድግዳ የምትጋራዎት ሶሬቲ እንደሆነች በድምፅዋ አውቄያለሁ። ስለዚህ እንደተስማማነው ወሬያችን በደብዳቤ ይሁን። እሷ የበረራ አስተናጋጅ ናትና ወደዚህ በተመደበች ቁጥር አምጥታ ትሰጠኛለች፣ የኔንም ትወስዳለች። አንዳንዴ ወር ሁለት ወር ቢዘገይ አይስጉ፤ የምትበርበትን አገር የምትመርጠው እሷ አይደለችም።

አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የአሮጌ ቤት ጣሪያ ነው የምናወርደው። እንደኛ ሰፈር አፈራረስ ግን እንዳይመስልዎት። መጀመሪያ ቤቱን በላስቲክ እንጠቀልለዋለን። ከዚያ ውሃ እያርከፈከፍን ጣሪያውን አንድ ሳንሰብር፣ እንቁላል እንደሚያወርድ ሰው ቀስ ብለን እናወርደዋለን። ጣሪያው ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፣ እንደ ክር የሚተረተር ድንጋይ ስላለበት ነው። ስንጨርስ እዚያው ገላችንን እንታጠባለን። የለበስነውን ከላይ እስከ ታች ከረጢት ውስጥ ከተን እናስርና ይጣላል። በየቀኑ እኮ ነው እቴቴ። እርስዎ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

የጋሼን መነጽር አልረሳሁም። ዓይናቸውን ያስለኩና ቁጥሩን ይላኩልኝ።

ልጅዎ እዝራ


አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ፣

እንደምን ከርመሃል? በረዶ ላይ ሳያንሸራትት የሚያቆምህ አምላክ ይመስገን። እኛ ደህና ነን። ገናን ያላንተ ዋልነው፤ የዶሮዋን መላላጫ አንተ የምትሻማት ስለነበርክ ሳህን ላይ ቀርታ ባያት ሳላነሳት አደረች።

ደብዳቤህን ለጋሼህ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል አሁን ለወግ በቃ። የሱ ዓይን ደክሟል። ጋዜጣ ሲይዝ ክንዱን እየዘረጋ እየዘረጋ ሄዶ አሁን ክንዱ አጠረው። አልለካም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር፤ «እኔ ፍሬን የማየው በጣቴ ነው፣ መነጽር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ጎትቼ አትላስ አጠገብ ያለ መነጽር ቤት ወሰድኩት። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ቶሎ ላክለትና ዳዊቱን ራሱ ይድገም፤ እኔ ሳነብለት እንቅልፍ ይወስደዋል።

ስለ ልብሱ ግን ምነው ልጄ? የሰው ልብስ አንድ ቀን ተለብሶ ይጣላል? የሚያጥብልህ አጥተህ ከሆነ ለዚህ ለዚህማ አግባ። እኔ የጋሼህን የሥራ ቱታ እስከዛሬ አጥቤያለሁ። ከተጋባን ሠላሳ አራት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን የሌላ ሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። እናቴ ስትድረኝ «የባልሽን የሥራ ልብስ ለሰው አትስጪ፣ ላቡ ያንቺ ነው» ብላኛለች። ታስታውስ የለ? ከጋራዥ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ ቱታውን አስወልቀዋለሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሦስቴ አራቴ እመታዋለሁ፣ ኪሱንም ገልብጬ አራግፋለሁ። ያ ግራጫ አቧራ ቡን ሲል አንተ «እቴቴ ጭጋግ ሠራች» እያልክ በመሀሉ ትሮጥ ነበር። ስምንት ዓመትህ ነበር መሰለኝ፤ እናትህ ነፍሷን ይማረውና ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም፣ እኔም ሲስቅ ካየሁት ብዬ ደጋግሜ እመታልህ ነበር።

ጋሼህ አሁንም ጋራዡ ውስጥ ከረዳቱ ከያሕያ ጋር ነው። ያሕያ የጎማውን ታምቡር ይፈታል፣ እሱ ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ሞርዶ ይገጥማል። ገብረአምላክ የሠራው መኪና ቁልቁለት አይፈራም ብለው ከመገናኛ ወዲያ ድረስ ይመጡለታል። ይህን ሳነብለት ደስ እንዲለው ነው የጻፍኩት።

እኔን ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር። ትንሽ ያስለኛል እንጂ ደህና ነኝ።

እናትህ ተናኜ


ስቶክሆልም፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደዱት እቴቴ፣

ዐቢይ ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎት። ደብዳቤዎን ሶሬቲ ሆቴሏ በር ላይ ሰጠችኝና እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ስለ ዶሮዋ ሳነብ ሳቅኩ። ስለ ቱታው ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ።

ልብሳችንን የምንጥለው ሀብታም ስለሆንን አይደለም። የአስቤስቶስ አቧራ ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አያሸተውም። ሳንባ ከገባ እንደ እሾህ እዚያው ይቀራል፤ ሃያም ሠላሳም ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጦ ሰው ሲረሳው ይነሳል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ አለ። አባቱ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ ነበሩ። በዚህ አቧራ የሞቱት ግን እናቱ ናቸው። የባላቸውን ልብስ ስለሚያጥቡ ነው። ያን ሲነግረኝ የሰው አገር ወሬ ነው ብዬ ሰምቼው ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ መልሼ ጠየቅኩት፤ «የመኪና ፍሬን ሸራ ውስጥም አለ?» አልኩት። በድሮዎቹ ውስጥ በብዛት ነበረ፣ ዛሬም ቢሆን ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ አይታወቅም አለኝ።

ስለዚህ እቴቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ቱታውን ከእንግዲህ አይምቱት። የግድ ከታጠበም ደረቁን አይንኩት፣ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ጋሼም የታምቡሩን አቧራ በኮምፕረሰር አይንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ጋሼ ይስላሉ? ደረታቸውን ይታዩ። ይህን ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። የእርስዎስ ጉንፋን ለቀቀዎት?

እዚህ ዛሬ በረዶው ከመስኮቱ እኩል ደርሷል። በር ለመክፈት አካፋ ያስፈልጋል። ይህንንም ያንብቡላቸው፣ ይስቃሉ።

ልጅዎ እዝራ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። መልሱ የዘገየው ሶሬቲ ሌላ አገር ስለተመደበች ነው ልልህ ነበር። እሷ ግን ሁለቴ ወደ አንተ ሄዳ መመለሷን ነግራሃለች መሰለኝ፤ እንግዲህ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ጋሼህ አይስልም። ደረቱ ከበሮ ነው። ደብዳቤህን አነበብኩለት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ስለ በረዶው የጻፍከውን ወደፊት አመጣሁና እሱን ሁለቴ አነበብኩለት። እንዳልከው ሳቀ።

መነጽሩን አትላክ። ቁጥሩ ተሳስቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለጎረቤት ነው። የዚያ የሥራ ባልደረባህ እናት ሕመሙ የጀመራቸው እንዴት ነበር? በየትኛው ጎን ይወጋቸው ነበር? ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሲተኙ ነው ወይስ ሲራመዱ? ከጎናቸው ውሃ ከተቀዳላቸው በኋላ ተመልሶ ይሞላ ነበር? በስልክ አትንገረኝ። ጻፍልኝ።

ተናኜ


ስቶክሆልም፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ጎረቤትዎን አውቃታለሁ። ትምህርት ቤት ስሄድ አንገትጌዬን የምታስተካክለው፣ ስዋሽ ዓይኔን አይታ የምታውቅብኝ ሴት ናት። እኔም ከሷ ተምሬ ነው ያወቅኩባት።

ሰላምታውን ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። 

የጠየቁኝን ባልደረባዬን ጠየቅኩት። እናቱን አንድ ጎን ነበር የሚወጋቸው። መጀመሪያ ሲራመዱ፣ በኋላ ተቀምጠውም ያጥራቸው ነበር። ውሃው ይቀዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ያለውን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነግሮኛል። ሐኪሙ ሥራቸው ምን እንደነበር ባለማወቁ ብዙ ወራት ሌላ በሽታ ሲፈልግ ኖሯል። ስለዚህ እባክዎ ለሐኪምዎ ስለ ቱታው ይንገሩ። ሐኪም የት እንደሚፈልግ የሚጠቁመው እሱ ነው።

መነጽሩን አትላክ ያሉኝ ዘግይቷል። ደብዳቤዎን በጻፉበት ዋዜማ፣ ሰኔ 19 ቀን፣ እዚህ መጥታ ለነበረችው ለሶሬቲ ሰጥቻታለሁ። ቁጥሩም አልተሳሳተም፤ እርስዎ በእጅዎ የጻፉት ነው። ለምን አትላክ እንዳሉኝ ገብቶኛል። ጋሼ ማንበብ ከቻሉ የሚዘለል ገጽ አይኖርም።

ምን እንዳሉዎት ይጻፉልኝ። ሁሉንም።

እዝራ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእዝራ፣

እንኳን ለአዲሱ ዘመን አደረሰህ። አበባ አየሽ ሆይ የሚሉት የሰፈሩ ሴት ልጆች ደጄ መጥተው አብሬያቸው ልል ብዬ ትንፋሽ አጠረኝ። ዳቦውን ሰጠኋቸውና በር ዘጋሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል። ከታክሲ ወርጄ ቤት እስክደርስ ሁለት ቦታ እቆማለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ሱቅ ዕቃ የማይ እመስላለሁ። ባለሱቁ የምገዛ መስሎት በየቀኑ አንድ ድስት እያወረደ ያሳየኛል፤ አሁንማ አፍሬ አንዱን ገዛሁት።

መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው መድኃኒት ጀመሩልኝ። ስድስት ወር ዋጥኩት። ሁለት ጊዜ ከጎኔ ውሃ ቀዱ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሞላ። ከነሐሴ ወዲህ የምታየኝ ዶክተር ሣባ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት፤ እጇ ለስላሳ ነው። «ምን ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «ምንም፤ የቤት እመቤት ነኝ» አልኳት። ካርዱ ላይ «ሥራ፦ የለም» ብላ ጻፈች። ጋሼህ አጠገቤ ቆሞ ቦርሳዬን ይዟል። ቀጠሮ ቀርቶበት አያውቅም። ምን ልበላት? ያንተን ደብዳቤ አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ሳላውቅ አይደለም ዝም ያልኩት።

ጋሼህን ታውቀዋለህ። አንድ ጊዜ መኪና ሲሞክር ድመት ገጭቶ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው ነው። ይህን ቢሰማ ከእኔ በፊት ይሞትብኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። በመጨረሻ «የገደልኳት እኔ ነኝ» ብሎ እንዲኖር አልፈልግም። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። አንተም ቃልህን ስጠኝ።

ቱታውን መምታት ትቻለሁ። እንዳልከኝ ከበሩ ተቀብዬ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። «ምነው ልማድሽን ተውሽ?» አለኝ። ወገቤን ነው አልኩት። መነጽሩን ከደብዳቤዎችህ ጋር በፌስታል ጠቅልዬ ጓዳ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ስር፣ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ደብቄዋለሁ። ጋሼህ ተወልዶ እስካሁን እጁ ሳፋ ነክቶ አያውቅም። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ በዚህ ቤት የለም።

ስለ ራሴ ብዙ አላስብም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። አንተ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ትሮጥ ነበር። እኔ ደግሞ ሲስቅልኝ ብዬ እጨምርልህ ነበር። ተመርመር። ውጤቱን እኔ እንደምደብቀው አትደብቅብኝ።

እናትህ ተናኜ


ስቶክሆልም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእቴቴ ተናኜ፣

ትንፋሽዎን የሚያሰፋ፣ ጎንዎን የሚያሳርፍ አምላክ ይቅረብዎት። በየሌሊቱ የምለው ይህንኑ ነው።

የኔን አስቀድሜ ልንገርዎት። ለአሠሪዎቼ በልጅነቴ ስለነበረው ነገር ተናገርኩና ደረቴን በትልቁ ማሽን አነሱት። ንጹሕ ነው። በየዓመቱ እያዩ ይከታተሉኛል። ከዚህ የደበቅኩት የለም። ስለዚህ ይህንን ሸክም ያውርዱ። ያን ጊዜ እናቴ ሞታብኝ በዓለም ላይ የሚያስቀኝ ያ ጭጋግ ብቻ ነበር። አቧራ አይደለም የሰጡኝ፤ እኔ የማስታውሰው የርስዎን ሳቅ ነው።

ለጋሼ አልነግራቸውም። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ግን እቴቴ፣ ክርኔን ሰብሬ ሁለት ቀን የደበቅኩ ጊዜ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው የገሠጹኝ እርስዎ ነዎት። ለኔ የሠራ ተረት ለርስዎ አይሠራም?

ደግሞ ሌላም አለ። እኔ ደፍሬ ልበለው። እርስዎ ዝም ያሉት አንድ ሰው እንዳይጎዳ ነው። ያሕያስ? ዛሬ የያሕያን ቱታ ደጃፏ ላይ የምታራግፈው ሚስቱ ናት። እሷም ሐኪም ቢጠይቃት «ሥራ የለኝም» ነው የምትለው። ልጆቿም በመሀሉ ይሮጡ ይሆናል። በሰፈሩ ያሉት ጋራዦች ስንት ናቸው? ይህን ያሰብኩት እርስዎን ለማስጨነቅ አይደለም። እርስዎ ግን የሰው ልጅ ሲያስል ሰምተው ማለፍ የማይችሉ ሰው ስለሆኑ ነው።

እባክዎ ለሐኪሟ ይንገሯት። ጋሼ ባይኖሩ ጊዜም ቢሆን።

ልጅዎ እዝራ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእዝራ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ቢከፋ እጄ የለመደው ሞረድ ስለሆነ ነው። ይህን የምጽፈው በላክልኝ መነጽር ነው። ጥሩ ነው፤ አፍንጫዬን ብቻ ትንሽ ይቆነጥጠኛል።

ተናኜ ገናን ውላ በማግስቱ ወደቀችና ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳችም። ቱታዬ ተከመረ። አጣቢ ልጥራ ብዬ ወጣሁና መንገድ ላይ እናቷ ያለቻትን አስታውሼ ተመለስኩ። ላቡ የሷ ነው። እንግዲያው ራሴ ላጥበው ብዬ ጓዳ ገባሁ። በራሴ ቤት ሳሙና የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ሳፋውን ባነሳ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ መነጽር። ከስሩ ያንተ ደብዳቤዎች።

መነጽሩን አደረግኩና ሳፋውን ደፍቼ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም አነበብኩ። ያነበበችልኝን በቃሌ ስለምይዘው የዘለለችው የትኛው እንደሆነ አልጠፋኝም። አልዋሽህም፤ መጀመሪያ የተናደድኩት ባንተ ነው። ቀጥሎ በሷ። ከዚያ ሌላ የምናደድበት ሰው አጣሁና እኔው ብቻ ቀረሁ። ድምፄን እንዳትሰማ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። የግቢው ታንከር ባዶ ሆነና የሶሬቲ እናት መጥታ ተቆጣችኝ። ፊቴን ስታይ ግን ተመለሰች።

ማወቄን ለተናኜ አልነገርኳትም። እሷ ለኔ ስትል ይህን ሁሉ ወር ከቻለች እኔ እስከ ቀጠሮዋ ቀን አልችልም ወይ ብዬ ነው። ቀኑ ደረሰ። ዶክተር ሣባ ካርዱን አገላበጠችና «ሥራ የለዎትም አይደል?» አለቻት። ተናኜ መልስ ልትሰጥ ስትል እኔ «አላት» አልኩ።

«ምን ይሠራሉ?» አለች ሐኪሟ።

«የፍሬን ሸራ» አልኩ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሆናት። እኔ ጋራዥ ነኝ፣ እሷ ቤት። እኔ አቧራውን ለብሼው እመጣለሁ፣ እሷ ግድግዳ ላይ መትታ ታራግፈዋለች። አቧራው አስቤስቶስ አለበት ይላሉ። የኔ ሥራ ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ የሷም ይጻፍ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ «የለም» የሚለውን ሰረዘችው። ስትጽፍ አንገቴን አስግጌ አየሁ። አንድም አልዘለለችም።

ተናኜ ወደኔ ዞረች። «ሳፋውን ምን አስነካህ?» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።  በኋላ «ጥፋት አይደለም፤ አላወቅንም» አለች። «እኔ አላወቅኩም። አንቺ ግን ካወቅሽ በኋላም ቱታዬን አጥበሻል» አልኳት። «ታዲያ ማን እንዲያጥበው ነበር?» አለችኝ። እዝራ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ሰው ፊት እጇን ይዣት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሐኪሟ ምን እንደምትፈልግ ስላወቀች ናሙና ወሰዱ፣ ውጤቱም መጣ። የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው። ዶክተር ሣባ አላታለለችንም። ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ግን ሕመሙን የሚያስታግስ፣ ትንፋሿን የሚያቀልላት፣ ጊዜም የሚጨምርላት ሕክምና አለ አለችን። ጊዜው ስንት እንደሆነ ተናኜ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እኔ ገደልኳት እንዳልል አስምላኛለች። ምያለሁ። መሐላው አንዳንድ ቀን ይከብደኛል፤ እሷ ግን ፊቴን እያየች ታውቅብኛለች፣ «ማልክ እኮ» ትለኛለች።

ጋራዡን በተመለከተ፣ ኮምፕረሰሩ ከእንግዲህ ጎማ ብቻ ነው የሚነፋው። ታምቡር በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ቱታ ከጋራዡ በር አይወጣም፤ እዚያው ነክረን እዚያው እናሰጣለን። ያሕያ መጀመሪያ ሳቀብኝ። የሐኪም ካርዷን አሳየሁት፣ «ሥራ» የሚለው ላይ ጣቴን አስቀምጬ አስነበብኩት። ሳቁን ተወ። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ ደረቷን ሊያሳያት ሄደ። በሰፈራችን ያሉትን ስድስት ጋራዦችም ዞሬ ተናግሬያለሁ። ሁለቱ አባረውኛል። ካርዷን ይዤ እመለሳለሁ።

ከእንግዲህ ምንም አትላክ። ለፋሲካ ራስህ ና። እንድታያትና እንድታይህ ነው።

ስትጽፍም ለሁለታችንም ጻፍ። አሁን አንባቢው እኔ ነኝ፤ እሷ ጋደም ብላ ታደምጣለች። ክፉም ቢሆን ደግ እንዳለ ጻፈው። እኔ እንደሷ መዝለል አልችልበትም።

ገብረአምላክ


እዝራዬ፣ ይህችን የወረቀት ጫፍ ለምኜው ነው ያገኘኋት። የቤቱን ልብስ አሁን ጋሼህ ነው የሚያጥበው። ባለፈው ነጠላዬን ከሰማያዊ ሱሪው ጋር ዘፍዝፎ ሰማያዊ አድርጎ አወጣው። «አበላሸሁት» ብሎ አቀርቅሮ ቆመ። እሑድ ቤተክርስቲያን ለብሼው ሄድኩ። ሴቶቹ «ነጠላሽን ምን ነካው?» ሲሉኝ «ባሌ አጠበልኝ» አልኳቸው።